«ጊጊሪ ሥራ አለ» አሉ፤ ልጅ ይዞ ለብቻ መኖርስ?

ሰሞኑን ከካኩማ የሚደወልልኝ ስልክ በዝቷል። የሚደውሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «ዩኤን ጠቅልሎ ወደ ናይሮቢ እየመጣ ነው አሉ። ጊጊሪ ሥራ በሽ ነው አሉ። ልጆቼን ይዤ ልምጣ ወይ?»

እኔም ሁለት ልጆቼን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ከካኩማ ወጥቼ አሁን ጊጊሪ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮ በአስተርጓሚነትና በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ለያንዳንዷ በስልክ ቆርጬ ቆርጬ ከምመልስ የማውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። አትምጡ አልልም፤ ማንንም «አትምጪ» የማለት መብት የለኝም። ግን ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀኝ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ነው። በኔ እምነት ልጅ ላላት ሴት ደመወዝ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ እናት ሥራ ስትውል ልጁን ማን ይይዛል የሚለው ነው። ሒሳቡ የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ እንጀምር። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገንዘብ አጥሮታል። ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉተሬዝ በማርች 2025 ዩኤን80 የሚባል ማሻሻያ ጀመሩ። ኒውዮርክና ጄኔቭ ሠራተኛ ማስቀመጥ ውድ ስለሆነ አንዳንዱ ሥራ ርካሽ ወደሚባሉ ከተሞች ይሂድ ተባለ፤ ናይሮቢ ከነዚያ አንዷ ናት። ዩኒሴፍ፣ ዩኤንኤፍፒኤና ዩኤን ዊመን ከሥራቸው የተወሰነውን እስከ 2026 መጨረሻ ወደ ናይሮቢ ለማዛወር ማቀዳቸው በዚያው ዓመት ተነገረ። የጊጊሪውን ግቢ ለማደስና ለማስፋት ደግሞ ወደ 340 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፕሮጀክት አለ። ጊጊሪ ድሮም ቢሆን የዩኤን ሰፈር ነው፤ የአካባቢ ጥበቃው ድርጅት ዩኔፕ ናይሮቢ የገባው በ1970ዎቹ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲም በ1998 መሀል ከተማ የነበረው ሕንጻው በቦምብ ከተመታ በኋላ እዚሁ ሰፈር አዲስ ግቢ ሠርቶ ገብቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለኒውዮርክ ሰው ናይሮቢ ርካሽ ናት። ለካኩማ ሰው ናይሮቢ ውድ ናት። አንዱ ወጪ ለመቀነስ፣ ሌላዋ ኑሮ ለማሻሻል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ሰፈር ይመጣሉ። የቤቱን ዋጋ የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሥራውስ? የሚመጣው ሥራ በአብዛኛው ሰውየው ከኒውዮርክ ይዞት የሚመጣው የራሱ ሥራ ነው። ለኛ ተብሎ የተከፈተ አዲስ ወንበር አይደለም። እንዲያውም ድርጅቱ ሠራተኛ እየቀነሰ ባለበት ወቅት ነው የምናወራው። ዩኤንኤችሲአር በጁን 2025 ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚሰርዝ አስታውቋል። ጉተሬዝ ለ2026 ያቀረቡት በጀት ከመደበኛው በጀት የሚከፈሉ መደቦችን በ18.8 በመቶ የሚቀንስ ነበር። ስለዚህ «ዩኤን እየመጣ ነው» እና «ዩኤን እየቀጠረ ነው» ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ናቸው።

ለኛ ቅርብ የሆነው ሥራ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ አትክልት፣ ወጥ ቤት ነው፤ ወይም ደግሞ በሩንዳና በጊጊሪ ግቢዎች ውስጥ የቤት ሠራተኝነት። በየድርጅቱ ግቢ ውስጥ የሚያጸዱትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ቀጣሪያቸው ኮንትራት የወሰደ የግል ኩባንያ እንጂ ድርጅቱ ራሱ አይደለም። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ መነሻ፣ ናይሮቢ ውስጥ የጽዳትና የቤት ሠራተኛ ትንሹ ክፍያ በወር 16,113.75 ሽልንግ ተብሎ ተደንግጓል፤ ቤት ካልሰጧት 15 በመቶ የቤት አበል ይጨመርበታል። ይህ ሕጉ ነው። ከዚያ በታች የሚከፍል ሞልቷል፤ ወረቀት የሌላት ሴት ከሆነች ደግሞ ማን ጠይቆት።

እግረ መንገዴን፦ ዩኤን ለሥራ ማመልከቻም፣ ለቃለ መጠይቅም፣ ለሥልጠናም ከማንም ሰው ገንዘብ አይቀበልም። «5,000 ላኪና ጊጊሪ ስምሽን አስገባልሻለሁ» የሚላችሁ ሐበሻም ይሁን ኬንያዊ ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከውጭ የሚመጣው የዩኤን ሠራተኛ ከመነሻ ደመወዙ በላይ የከተማው ኑሮ ሲወደድ አብሮ የሚስተካከል ጭማሪ አለው። ኪራዩ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ከፊሉን የሚደጉም አሠራርም አለ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ልጁን ለብቻው ለሚያሳድግ ሠራተኛ የተለየ አበል ተደንግጓል፤ ለመጀመሪያው ልጅ የተጣራ ክፍያው 6 በመቶ። ይኼ ጥሩ ሕግ ነው፤ ምቀኝነት አይደለም የምጽፈው። ለብቻ ልጅ ማሳደግ ተጨማሪ ወጪ እንዳለው ድርጅቱ በደንብ ያውቃል ማለት ነው። በዚያው ግቢ ወለሉን የምትጠርገዋ እናት ግን ኪራዩ ሲጨምር አብሮ የሚጨምርላት ነገር የለም። ለኮንትራት ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት አበል አይታሰብም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የራሴን ነው የማሳያችሁ፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ ጥቅል ቁጥር ብቻ ስለሚናገር።

በ2025 የደመወዜ ወረቀት ላይ ያለው ጥቅል ደመወዝ 35,000 ሽልንግ ነው። ከካኩማ ኢንሴንቲቭ ጋር ስታስተያዩት ትልቅ ይመስላል። ከዚህ ላይ ለጡረታ 6 በመቶ፣ 2,100 ይቆረጣል። ለጤና መድኅን 2.75 በመቶ፣ 962 ከሃምሳ። ለመንግሥት የቤቶች ግንባታ 1.5 በመቶ፣ 525። ቀሪው ላይ ግብሩ ተሰልቶ 2,400 ሽልንግ ቅናሽ ከተደረገ በኋላ 1,853 ገደማ ይወጣል። በእጄ የሚገባው 29,559 ነው።

ጊጊሪ ውስጥ በዚህ ደመወዝ የሚከራይ ቤት የለም። ቃል በቃል የለም፤ ጥበቃውም፣ አትክልተኛውም፣ እኔም ጊጊሪ አናድርም። ሰፈሩ ጠዋት ሞልቶ ማታ የሚፈስ ነው። ያለው አማራጭ ዙሪያውን ነው፦ በሊሙሩ መንገድ ወደ ላይ ሩዋካ፣ በታች በኩል ጋቺዬ፣ በሩንዳ ጀርባ ጊቶጎሮ፣ ራቅ ሲል ካንጌሚ። እኔ ያለሁት ሩዋካ ነው፤ መኝታውና ማብሰያው አንድ ላይ የሆነ፣ ሽንት ቤት ያለው ክፍል፣ በወር 11,000። ውኃና ቆሻሻ 700። የመብራት ቶከን 1,000። ጋዝ 1,300። ለሦስታችን ምግብ 10,000፤ ሥጋ እንዳትጠይቁኝ። ማታቱ በቀን 100፣ በወር 26 ቀን፣ 2,600። ትንሹን ልጅ የምትይዝልኝ ሴትዮ በቀን 100፣ እሷም 2,600። ደምሩት፤ 29,200 ይመጣል። የሚተርፈኝ 359 ሽልንግ ነው።

359 ሽልንግ የሕፃን ሳልና የጉንፋን መድኃኒት ነው፤ ከተረፈ የስልክ ካርድ። ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ትምህርት ቤቱ «ለፈተና ወረቀት» እያለ የሚሰበስበው የሉበትም። ዝናብ ሲዘንብ የማታቱ ዋጋ እንደሚጨምር ናይሮቢ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ነው። ብርዱንም አትርሱ። የካኩማ ልጅ በጁላይ ወር እዚህ ሲመጣ ጥርሱ ይንቀጠቀጣል። ሹራብና ብርድ ልብስ የመጀመሪያ ወር ወጪ ናቸው።

ሌላው ሰዉ የማይነግራችሁ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት የሚወጣውን ነው። አከራይ የወሩን ኪራይና ያንኑ ያህል መያዣ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለኔ ክፍል 22,000 ማለት ነው። ፍራሽ፣ ጋዙ ከነሲሊንደሩ፣ ድስት፣ ባልዲ። ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ይበላል፣ ማታቱ ይከፈላል። እኔ በእጄ 45,000 ይዤ ነው የመጣሁት፤ ከሱም ግማሹ የእህቴ ብድር ነበር። አንድ አከራይ ደግሞ ኤሊየን ካርዴን አገላብጦ አይቶ «ለስደተኛ ሦስት ወር ቀድሞ ነው» ብሎኝ መልሶኛል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም፤ ግን በሩ የሱ ነው።

አሁን ስለ ድንበር ልንገራችሁ፤ የአገር ሳይሆን የካውንቲ ድንበር። ሩዋካ ከጊጊሪ ቅርብ ብትሆንም ያለችው ኪያምቡ ካውንቲ ውስጥ ነው። የናይሮቢ ካውንቲ ከ2023 ጀምሮ «ዲሺ ና ካውንቲ» የሚባል የምሳ ፕሮግራም አለው። በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃና የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ልጁ በእጁ ላይ የሚታሰር አምባር ይደረግለታል፤ ወላጅ በምሳ 5 ሽልንግ ይከፍላል፤ ልጁ ትኩስ ምግብ ይበላል። አምስት ሽልንግ! ዛሬ አንድ ማንዳዚ እንኳ በዚያ ዋጋ ማግኘት ከባድ ነው። የኔ ልጅ ግን የምትማረው ከድንበሩ ወዲያ ስለሆነ አይመለከታትም። ጊቶጎሮ ናይሮቢ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ካንጌሚም እንዲሁ። ጊቶጎሮ አንድ የቆርቆሮ ክፍል በ4,500 ይገኛል፤ ወደ ሥራም በእግር ይኬዳል። ሒሳቡን ስታዩት እዚያ መኖር የሚሻል ይመስላል፤ በወር ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሊተርፍ ነው። ግን ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ መግባት አለ፣ «ሰፈሩ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬም አይጠፋም። ሁለት ሴት ጓደኞቼ እዚያ ናቸው፤ አንዷ ደህና ነኝ ትላለች፣ አንዷ በየቀኑ ቤት ትፈልጋለች። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ስላለችኝ አልደፈርኩም። ወንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ እወስን ነበር።

ወደ ዋናው ልመለስ፤ ልጁን ማን ይይዛል?

ካኩማ እያለን ይህን ጥያቄ ጠይቀነው አናውቅም። ልጅ ጎረቤት ይውላል። ቡና የተፈላበት ቤት ይበላል፣ ሲደክመው እዚያው ይተኛል። አንድ እማማ በግቢው በር ላይ ከተቀመጡ የስምንት ቤት ልጅ ተጠበቀ ማለት ነው። ለእማማ ማንም ደመወዝ አይከፍልም፤ ዓመት በዓል ሲሆን ስኳርና ቡና ይወሰድላቸዋል፣ ሲታመሙ ውኃ ይቀዳላቸዋል። ራሽን በኪሎ ይለካል፣ ውኃ በጀሪካን ይለካል፤ ይኼን ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። ከካምፕ ስትወጡ መጀመሪያ የምታጡት እሱን ነው። ናይሮቢ ውስጥ ዋጋ ወጥቶለት ታገኙታላችሁ።

የልጆች ማዋያ ብላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አንዲት ሴትዮ በመኖሪያ ክፍሏ አሥር አሥራ አምስት ሕፃን ሰብስባ ትይዛለች። ጠዋት 12 ሰዓት ትከፍታለች፣ ማታ 12 ሰዓት ትዘጋለች። ምግቡን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ደግ ናት፤ አልዋሽም። ግን ትኩሳት ያለው ልጅ አትቀበልም፤ ልክም ናት፣ የሌሎቹ ልጆች ይታመማሉ። ያን ቀን ምን ይደረጋል? የኬንያ የሥራ ሕግ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛዋ ራሷ ስትታመም ነው፤ ለልጇ ሕመም አይደለም። ከዓመት ፈቃድ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ሕጉ በዓመት 21 የሥራ ቀን ይሰጣል። ሁለት ልጅ፣ የዝናብ ወራት፣ ጉንፋን፤ 21 ቀን ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተው አስሉት። በቀን ሒሳብ ለምትሠራ የጽዳት ሠራተኛማ የቀረችበት ቀን አይከፈልም፤ ሦስተኛው ጊዜ ላይ ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞታል።

ሲጠፋ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቋ ልጅ ትቀራለች። «ዛሬ ብቻ» ይባላል። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ዛሬ ብቻ እየተባለ የወሩ ሩብ ያልፋል። ልጅቷ ወንድሟን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ትውላለች። ከካምፑ የወጣነው ለልጆቹ ትምህርት ነው ብለን ነበር። ጊጊሪ ያለው ደመወዝ በአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የትምህርት ቀን ከተገዛ፣ ጭማሪ ነው ብዬ ለመጥራት ይቸግረኛል።

መላ የለም ማለት አይደለም። ሐበሻ መላ አያጣም። የማውቃቸው ሦስት እናቶች ካንጌሚ አንድ ባለሁለት ክፍል ቤት ለሦስት ተከራይተዋል። አንዷ ምግብ ቤት የማታ ፈረቃ ትሠራለች፣ ቀን ልጆቹን ትይዛለች። ሁለቱ ቀን ይሠራሉ። ኪራዩም ለሦስት፣ ጋዙም ለሦስት። እቁብም ጀምረዋል፤ ዕጣው ልጇ ለታመመባት ይቀድማል የሚል ደንብ አውጥተዋል። ይጣላሉ? ይጣላሉ፤ የማን ልጅ የማንን ስኳር በላ እያሉ። ግን ትልልቆቹ ልጆች አንድም ቀን ከትምህርት አልቀሩም። እንዲህ ዓይነት ነገር ግን ናይሮቢ ደርሶ የሚፈለግ አይደለም፤ ከካኩማ ሳይነሱ፣ ከሚተዋወቁት ሰው ጋር፣ ማን ቀን ማን ማታ ብሎ የሚስማሙበት ነው።

ሌላው ኢስሊ ነው። ከጊጊሪ ሩቅ ነው፤ ሁለት ማታቱ። ግን የኛ ሰው አለ። ጎረቤት የሚባል ነገር አለ፣ እድር አለ፣ እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤት ማስረከብ አለ። ትንንሽ ልጅ ያላት ሴት እኔን ብታማክር፣ ጊጊሪን ትታ ኢስሊ ልጇን እያየች እቤቷ የምትጋግርበትን ብታስብ እላለሁ። በአፍ ሲነገር «ጊጊሪ ነው የምሠራው» ያምራል። ወሩ ሲያልቅ ግን ልዩነቱ ሰዉ እንደሚያስበው አይደለም።

ስለ ወረቀት ሳልናገር ብቀር ያሳስተኛል፤ ከገንዘቡ በላይ ሰው የሚያስይዘው እሱ ነው። የ2021 የስደተኞች ሕግ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ስደተኛ ተቀጥሮ ወይም ነግዶ የመኖር መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። መብቱን ለመጠቀም ግን ለስደተኞች የተመደበው ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ራሱ ክፍያ የለውም። የቀጣሪ ደብዳቤና የዲአርኤስ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ይጠየቃል፤ ቀጣሪው ደግሞ ፈቃዱን ካላየሁ አልጽፍም ይላል። ዶሮዋና እንቁላሉ ዓይነት ነው። የማመልክተው በኢንተርኔት ስለሆነ ቀላል ነው የሚላችሁን እመኑት፤ በቶሎ ይመጣል የሚላችሁን ግን አትመኑት።

ከካምፕ ለመውጣትም ሙቭመንት ፓስ አለ። ከካኩማ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገዱ የፍተሻ ኬላ አይጠፋም። ልጅ ይዞ ያለፈቃድ መጓዝ ለብቻ እንደመጓዝ አይደለም፤ እናት ስትያዝ ልጅ የት ያድራል? ናይሮቢ ደርሶም ቢሆን ታሪኩን የምናስታውስ አለን። በዲሴምበር 2012 የከተማ ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ ይመለስ ተባለ፤ በጁላይ 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። በ2014 እንደገና መጣ፤ ያኔ ብዙ ሰው ካሳራኒ ስታዲየም ታጉሮ ሰነበተ፣ ከልጆቻቸው የተለዩ እናቶች ነበሩ። ሕጉ ዛሬ ተሻሽሏል። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁ ግን የሚያየው ሕጉን ሳይሆን ካርዱን ነው፤ ካርዱ ጊዜው ካለፈ ወሬው ብዙ ነው።

የሺሪካ ዕቅድም ይጠየቃል፤ «ነፃ ወጣን አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በማርች 28 ቀን 2025 ይፋ ያደረጉት ይህ ዕቅድ ዋና ትኩረቱ ካኩማንና ዳዳብን ስደተኛውና የአገሬው ሰው አብረው አገልግሎት የሚያገኙባቸው ከተሞች ማድረግ ነው። ማንም ሰው ተነሥቶ ናይሮቢ ይስፈር የሚል አይደለም።

ሰዉ ግን ለምን አሁን መነሣት እንደፈለገ ይገባኛል። በጁን 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም የካኩማን ራሽን ወደ 28 በመቶ አወረደው። የባምባ ቻኩላ ገንዘብ ቆመ። ኦገስት ላይ ደግሞ ቤተሰቡ በአራት ምድብ ተከፈለ፤ መጨረሻው ምድብ የገባ ምንም አያገኝም፣ ራሱን ይችላል ተብሏል። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 የስደተኛ ቅበላዋን አገደች፤ ኬዛቸው አልቆ በረራ የሚጠብቁ እንኳ ባሉበት ቀሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ምግቡም መንገዱም ተዘጋ። ናይሮቢ የምትታየው በዚህ ጭስ ውስጥ ነው።

የኔ ቅሬታ «ራሷን የቻለች» የሚለው ቃል ላይ ነው። እጅና እግር ያላት፣ ቋንቋ የምታውቅ፣ ትንሽ ንግድ የሞከረች ሴት መሥራት ትችላለች፤ እውነት ነው። መሥራት መቻሏ ግን ስትሠራ ልጇን የሚይዝ ሰው አላት ማለት አይደለም። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ በ2018 ባወጣው ጥናት የካኩማን ኢኮኖሚ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር፤ ከ2,000 በላይ ሱቆችም ቆጥሯል። ካኩማ ውስጥ ቁርስ ቤት ያላት ሴት፣ የገበያው ሰው ገንዘብ በነበረው ጊዜ፣ ከኔ 359 ሽልንግ የተሻለ ይተርፋት ነበር። ልጆቿም ከጠረጴዛው ሥር ይጫወታሉ። ራሽኑ ሲቆም የተራበው ራሽን ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ የቁርስ ቤቷም ደንበኛ ጠፋ። ሺሪካ ከተማ እሠራለሁ የሚል ከሆነ፣ ከገበያ አዳራሹና ከመንገዱ ጋር የሕፃናት ማዋያ ይሥራ። በየብሎኩ አንድ፤ እዚያው ያሉ እናቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩበት። ይህን በየስብሰባው «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ሰዓት ሲያልቅ ከሚነሣው ዝርዝር አውጥተን ከሥራ ፈቃዱ እኩል ብናስቀምጠው ደስ ይለኛል። የኮሚኒቲ መሪዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ስብሰባ ስትጠሩ ጠይቁልን።

ለመምጣት የቆረጣችሁ ደግሞ አላችሁ፤ ለናንተ የማውቀውን ልጨምር። ትምህርት እዚህ የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው፤ ሌሎቹ ተርሞች በሜይ አካባቢና በኦገስት መጨረሻ ይከፈታሉ። በመሀል ከመጣችሁ ልጁ ቤት ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጉዞውን ከተርሙ ጋር አስማሙት። የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከ2003 ጀምሮ በነፃ ነው፤ ቢሆንም ምዝገባ ላይ የልደት ሰርተፊኬትና ከካኩማው ትምህርት ቤት የዝውውር ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ልጁ በተማሪዎች መዝገብ ያለው ቁጥርም ያስፈልጋል። እሱን እዚያው ሳላችሁ አስጨርሱ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይፈጃል። የጤና መድኅኑን፣ ኤስኤችኤ የሚባለውን፣ በኤሊየን ካርድ መመዝገብ ይቻላል፤ ተቀጣሪ ካልሆናችሁ ትንሹ መዋጮ በወር 300 ሆኖ የዓመቱ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ስለዚህ 3,600 ለብቻ አስቀምጡ። የኤሊየን ካርዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የልጆቹን የክትባት ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ማዋያዋ ሴትዮ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።